ቁጥሩ የጠፋ አሮጌ ጠመንጃ ከመግዛታችሁ በፊት

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ጠመንጃ የሚሰበስብ ሐበሻ ብዙ አይደለም። ግን አለ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ የፍሎሪዳ አስመጪ ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎችን እያመጣ መሸጥ ከጀመረ በኋላ ደግሞ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ውጅግራ አለ፣ ቬተርሊ አለ፣ ካርካኖ አለ፣ በንጉሡ ዘመን ከአሜሪካ በእርዳታ የሄደው ኤም ዋን ካርባይን ሳይቀር ተመልሶ መጥቷል። አያቱ ሲፎክሩ ስሙን ይጠሩት የነበረውን ጠመንጃ ቨርጂኒያ ውስጥ በጠመንጃ ገበያ ጠረጴዛ ላይ ዋጋ ተለጥፎበት ሲያየው ኪሱን የማይዳብስ ሰው ማን ነው?

ታዲያ ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ዕቃው ደስ ይላል፣ ዋጋውም ረከስ ያለ ነው፣ ግን ቁጥሩ አይታይም። ልግዛው?» ቁጥር የሚባለው ፋብሪካው ብረቱ ላይ የሚመታው መለያ ቁጥር (ሲሪያል ነምበር) ነው።

መልሱ አንዳንዴ «ምንም ችግር የለውም፣ ግዛው» ነው። አንዳንዴ ደግሞ «እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተትና ከዚያ ጠረጴዛ ራቅ» ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው ዛሬ የምጽፈው። ጠበቃ አይደለሁም፤ ብረት የሚወድ ሰው ነኝ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ከኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በቀር፣ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አገር ቤት መኪና የገዛ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። መኪና ስትገዙ መጀመሪያ የሚታየው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ሻንሲው ላይ የሞረድ ምልክት ካለ ባለቤቱ የፈለገውን ቢምል፣ ሊብሬውን ቢያውለበልብ ማንም አይገዛውም። ለምን ቢባል መኪናው ተሰርቆ ይሆናል ነዋ። ጠመንጃም ያው ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ። መኪና ሁሉ ቁጥር ኖሮት ነው የሚወለደው፣ አሮጌ ጠመንጃ ግን ከፋብሪካው ያለ ቁጥር የወጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቁጥር አለው ወይ?» አይደለም። «ድሮውንስ ቁጥር ነበረው ወይ?» ነው።

ሕጉ ቁጥር ከማስገደዱ በፊት ያለ ቁጥር የተሠራ ጠመንጃ ሕጋዊ ነው። ቁጥር ኖሮት የተፋቀበት ግን የፌዴራል ወንጀል ነው። ፋቂው እናንተ ባትሆኑም፣ የተፋቀው እናንተ ሳትወለዱ ቢሆንም፣ እያወቃችሁ ቤታችሁ ማስቀመጡ ብቻውን ወንጀል ነው።

ይህን ለመረዳት ዓመቶቹን ማወቅ ያስፈልጋል። የ1938ቱ የፌዴራል ሕግ ቁጥሩ የተፋቀ መሣሪያን ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት መላክን ከለከለ፣ ነገር ግን ፋብሪካ ሁሉ የግድ ቁጥር ይምታ አላለም። በ1958 የወጣው ደንብ ቁጥር ግዴታ ነው አለ፣ ሆኖም ሾትገን የሚባሉትን የዋሾፍ ጠመንጃዎችንና ካሊበር 22 የሆኑትን ትንንሽ ጠመንጃዎች ተወ። እነዚህ እንግዲህ በየገበሬው ቤት በር ጀርባ የሚቆሙት፣ ጥንቸልና አይጠ መጎጥ የሚገደልባቸው ርካሽ ጠመንጃዎች ናቸው። ሁሉም ፋብሪካና ሁሉም አስመጪ በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ ቁጥር እንዲመታ ያስገደደው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በጥቅምት 1968 የፈረሙት ሕግ ነው። ኬኔዲ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ ከተገደሉ በኋላ የመጣ ሕግ ነው። በ1990 ደግሞ መያዝ በራሱ ወንጀል ተባለ። እስከዚያ ድረስ ሕጉ የሚያተኩረው በመላክና በመቀበል ላይ ነበር።

ስለዚህ ዊንቸስተር ሞዴል 67 የሚባለውን፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰውን ትንሽ ጠመንጃ ብታገኙና ቁጥር ብትፈልጉበት ብታጡ አትደንግጡ። ኖሮትም አያውቅ። ሲርስና ሞንትጎመሪ ዋርድ በራሳቸው ስም ይሸጧቸው የነበሩ ብዙ ርካሽ ጠመንጃዎችም እንዲሁ ናቸው። ዲለሩ ሲሸጥላችሁ ወረቀቱ ላይ «ቁጥር የለውም» ብሎ ይመዘግባል፣ አለቀ። አንዳንድ ሰው ይህን ሳያውቅ «ለጥንቃቄ» ብሎ የራሱን ቁጥር ያስመታበታል። አያስፈልግም። የሰብሳቢ ዕቃ ላይ አዲስ ቁጥር መምታት ዋጋውን ከመግደሉም በላይ ነገ የሚያየው ሰው «ይሄ ለምን ተመታ? ከሥሩስ ምን ነበር?» ብሎ እንዲጠረጥር ያደርጋል።

ሌላው ዋና ዓመት 1898 ነው። በፌዴራሉ የ1968 ሕግ መሠረት በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ «አንቲክ» ነው፣ በሕጉ ዐይን «የጦር መሣሪያ» እንኳ አይባልም። ስለ ቁጥር የሚያወራው አንቀጽ ደግሞ የሚናገረው ስለ ጦር መሣሪያ ነው። ውጅግራን ውሰዱ። ስሙ ራሱ ፉዚ ግራ ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ የ1874 ሞዴል ማለት ነው፤ አድዋ ላይ ከተተኮሱት ጠመንጃዎች አንዱ ነው። የተሠራበት ዓመት ከ1899 በፊት መሆኑ እስከተረጋገጠ ድረስ ቁጥሩ ዝገት የበላው ቢሆንም የፌዴራሉ የቁጥር አንቀጽ አይነካውም። ልብ በሉ፣ የሚታየው እናንተ የያዛችሁት ዕቃ የተሠራበት ዓመት እንጂ ሞዴሉ የወጣበት ዓመት አይደለም። ካርካኖ የ1891 ሞዴል ነው ይባላል። እውነት ነው። ግን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ድረስ ሲሠራ ስለነበር እጃችሁ ላይ ያለው የ1938 ሥራ ሊሆን ይችላል። አፈሙዙ ሥር፣ ከጠመንጃው አካል ጋር በሚጋጠምበት በኩል፣ የተመታውን ዓመት ሳታዩ «91 ነው፣ አንቲክ ነው» ብላችሁ እንዳትሞኙ።

አሁን ወደ እጅ ሥራው እንግባ። ጠረጴዛው ፊት ቆማችኋል፣ ሻጩ ፈገግ ብሏል፣ ጠመንጃው እጃችሁ ላይ ነው።

ቁጥሩን ከመፈለጋችሁ በፊት የዚያ ሞዴል ቁጥር የት እንደሚመታ እወቁ። ይሄን ቤት ሆናችሁ አንብባችሁ ኑ። ዊንቸስተር 94 ላይ ከሥር፣ በሆዱ በኩል ነው፤ ቀና አድርጎ ብቻ ያየ ሰው «ቁጥር የለውም» ብሎ ይሄዳል። ኤም ዋን ጋራንድ ላይ ከኋለኛው ማነጣጠሪያ ጀርባ ነው። ኮልት 1911 ሽጉጥ ላይ በቀኝ ጎኑ ነው። የጀርመኑ ካ 98 ማውዘር ላይ በግራ በኩል ይመታል። ካርካኖና የሩሲያው ሞሲን ግን ለየት ይላሉ። ቁጥራቸው የተመታው አፈሙዙ ሥር ላይ እንጂ ሪሲቨር በሚባለው ዋናው የብረት አካል ላይ አይደለም። ይህ ማለት አንድ ሰው ከሠላሳ ዓመት በፊት አፈሙዙን ቀይሮት ከሆነ ቁጥሩም አብሮ ሄዷል ማለት ነው። ማንም አልፋቀም፣ ማንም አላጭበረበረም፣ ጠመንጃው ግን ቁጥር አልባ ሆኖ እናንተ ጋ ደርሷል። እንዲህ ያለውን «ምን ችግር አለው» ብዬ አልገዛም። የአስመጪ ቁጥር ሌላ ቦታ ላይ ተቀርጾበት ከሆነ ብቻ አየዋለሁ።

ቦታውን ካወቃችሁ በኋላ ብረቱን ተመልከቱ። የስልካችሁን መብራት በአግድም አብሩበት። ቁጥሩ መኖር የነበረበት ቦታ ከአካባቢው ዝቅ ብሏል? ቀለሙ ከሌላው ይለያል? ከጎኑ ያለው የፋብሪካ ጽሑፍ ጥልቅና ጥርት ያለ ሆኖ ቁጥሩ ብቻ የደበዘዘ ነው? ከቁጥሮቹ አንዷ ከሌሎቹ ትበልጣለች ወይስ ዘምማ ቆማለች? በድሮ ፋብሪካ ቁጥር በእጅ ይመታ ስለነበር ትንሽ መዛነፍ ያለ ነው። ሦስት ቁጥሮች አንድ ዓይነት ሆነው አራተኛዋ ከሌላ ቤተሰብ የመጣች ከመሰለች ግን አስቀምጡት።

አንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ እንደ መስታወት የሚያበራ ኒኬል የተነከረ 1911 አየሁ። አሮጌ ሽጉጥ እንዲያ ሲያበራ ደስ አይለኝም። ገልበጥ ሳደርገው ከቁጥሩ ውስጥ ሁለቱ ጥላ ብቻ ቀርተዋል፣ የቀሩት እንደምንም ይነበባሉ። ሻጩ «ሲወለወል ነው እኮ፣ ማንም ሆን ብሎ አልነካውም» አለኝ። አምነዋለሁ፣ ዋሽቶ አይመስለኝም። ድሮ ሽጉጥ ኒኬል ከመነከሩ በፊት በደንብ ይወለወል ነበር፣ ውልወላው ደግሞ ጽሑፍ ይበላል። ግን ሕጉ ላይ «ለውበት ሲባል የጠፋ ቁጥር ይፈቀዳል» የሚል ቃል የለም። የተወገደ፣ የተደመሰሰ ወይም የተለወጠ ነው የሚለው። ትቼው ሄድኩ። ሽጉጡ አሁንም ትዝ ይለኛል፣ አልክድም።

ሰብሳቢዎችን ያለ ምክንያት የሚያስፈሩ ነገሮችም አሉ። የጃፓኑ አሪሳካ ላይ አሥራ ስድስት ቅጠል ያለው የንጉሠ ነገሥቱ አበባ ብዙ ጊዜ ተፍቆ ይገኛል። ያ ቁጥር አይደለም። በ1945 ጃፓን እጅ ስትሰጥ የንጉሡ ምልክት በጠላት እጅ እንዳይገባ ተብሎ የተፋቀ ነው። ዋጋ ይቀንሳል፣ ወንጀል ግን አይደለም። ቁጥሩ ግራ ጎኑ ላይ ካለ ደህና ናችሁ። ጀርመን ሉገር ላይ ደግሞ ትንንሾቹ ክፍሎች የቁጥሩን የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ይሸከማሉ፣ ካልተመሳሰሉ «ቁጥሩ ተለውጧል» የሚል ጩኸት ይነሳል። አልተለወጠም፣ ክፍሉ ነው የተለወጠው። ሶቪየቶች ከጀርመኖች የማረኳቸው ማውዘሮች ላይ ደግሞ ቦልት በሚሉት፣ ጥይት በሚያቀባብለው ክፍል ላይ የድሮው ቁጥር ተሰርዞ ከዋናው አካል ጋር እንዲመሳሰል በኤሌክትሪክ እርሳስ የተጻፈ ታያላችሁ። ይሄም የመጋዘን ሥራ ነው፣ የዋናው አካል ቁጥር እስካልተነካ ድረስ የሚያስጨንቅ አይደለም። ዩጎዝላቪያ ከዚህም አልፋ የጀርመኑን ምልክት ከሪሲቨሩ ላይ አንስታ የራሷን አርማና የራሷን ቁጥር መትታለች። እነዚያ በሕጋዊ አስመጪ የገቡና አሜሪካ ውስጥ በግልጽ የሚሸጡ ናቸው፣ የአስመጪውን ምልክት ፈልጉ።

ስለ አስመጪ ምልክት ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከ1968 ወዲህ የገባ መሣሪያ የአስመጪው ስም፣ ከተማና ሌላም ይቀረጽበታል። አንዳንዱ አስመጪ አፈሙዙ ላይ እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ አድርጎ ይጽፈዋል፣ ያስጠላል። ያንን ወልውሎ «ወታደሩ ከጦር ሜዳ ራሱ ያመጣው ነው» ብሎ በእጥፍ መሸጥ የሚያምረው አለ። ሕጉ ግን የሚጠብቀው የፋብሪካውን ቁጥር ብቻ አይደለም፣ የአስመጪውንም ቁጥር ነው። የተወለወለው ቦታ ላይ የአስመጪው ቁጥር ከነበረ እናንተ የገዛችሁት ታሪክ ሳይሆን ወንጀል ነው። ከኢትዮጵያ የመጡትም ከ1899 ወዲህ የተሠሩ ከሆኑ ምልክቱ አለባቸው። አትንኩት። እኔ እንዲያውም ደስ ይለኛል፣ ከየት እንደመጣ የሚናገር ወረቀት ብረቱ ላይ ተጽፎለታል።

አሁን ሰዎች የሚከራከሩኝ ነገር ይመጣል። «እኔ የሰብሳቢ ፈቃድ አለኝ» ይላሉ። የሰብሳቢ ፈቃድ ጥሩ ነገር ነው። ለሦስት ዓመት 30 ዶላር ነው፣ ሃምሳ ዓመት የሞላቸውን መሣሪያዎች ከሌላ ክፍለ ግዛት በቀጥታ እንድትገዙ ያስችላል። ግን የተፋቀ ቁጥርን አይቀድስም። መሣሪያው ሃምሳ ዓመት ስለሞላው፣ ሙዚየም ስለሚገባው፣ ብርቅ ስለሆነ የሚታለፍ ነገር የለም። እንዲያውም ፈቃድ ያለው ሰው ይበልጥ ይጠየቃል፣ ምክንያቱም ሕጉ «እያወቀ» ነው የሚለው፣ መሣሪያ በየወሩ የሚገዛ ሰው ደግሞ «የሞረዱን ምልክት አላየሁም» ቢል የሚያምነው የለም።

ሌላው «ፍርድ ቤት ሕጉን ሽሮታል አሉ» የሚለው ነው። እውነት አለው፣ ግን ግማሹ ነው። በጥቅምት 2022 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የፌዴራል ዳኛ ይህን አንቀጽ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወስኖ ነበር። ዜናው በየቦታው ተናፈሰ። በነሐሴ 2024 ግን አራተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት ሙሉ ሆኖ ተሰይሞ ያንን ውሳኔ ገለበጠው። ይህ ፍርድ ቤት ቨርጂኒያንና ሜሪላንድን ጭምር የሚዳኝ ነው፣ ማለትም ብዙዎቻችን የምንኖርበትን። የመጀመሪያውን ዜና የሰማ ሁሉ ሁለተኛውን አልሰማም።

ቅጣቱ እስከ አምስት ዓመት እስር ነው። መሣሪያው አውቶማቲክ ከሆነ ወይም አፈሙዙ ያጠረ የዋሾፍ ጠመንጃ ዓይነት ከሆነ ከ1934 ጀምሮ የራሱ መዝገብና የራሱ ሕግ አለው፣ እስከ አሥር ዓመት ይደርሳል። የዚያን ዓይነት ዕቃ ያለ ወረቀት ካገኛችሁ ስለ ቁጥሩ መጨነቅ ሁለተኛ ነገር ነው።

ከፌዴራሉ በታች የክፍለ ግዛቱ ሕግ አለ። ይሄን በአጭሩ ላልፈው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ የራሱ መንገድ አለው። ካሊፎርኒያ የፋቀውን በአንድ አንቀጽ፣ የያዘውን በሌላ አንቀጽ ትቀጣለች። ኒውዮርክ ለመደበቅ ሲባል የተበላሸ ቁጥር ያለውን መያዝ ከባድ ወንጀል አድርጋዋለች። የፌዴራሉን የ1898 ነፃነት ክፍለ ግዛታችሁ በዚያው መልክ ላይሰጥ ይችላል። የምትኖሩበትን ብቻ ሳይሆን ጠመንጃውን ጭናችሁ የምታልፉበትንም አንብቡ። ከቨርጂኒያ ቦስተን የሚነዳ ሰው ስንት ሕግ እንደሚያቋርጥ ቁጠሩት።

አሁን የእኛን ቤት ወደሚነካው ልምጣ። ስለዚህ ነገር በእንግሊዝኛ የሚጽፉት ሰዎች ይህን አይጽፉትም፣ አይመለከታቸውምና። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ ይችላል። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በመሰል ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልተሟሉለት በቀር አይችልም፣ ቁጥሩ ጥርት ብሎ ቢነበብም አይችልም። ወረቀቱ በመታየት ላይ ያለ ሰው መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር። ከሁሉ የሚከፋው ግን ለግሪን ካርድ ባለቤት ነው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ መሣሪያ በሕገወጥ መንገድ በመግዛት፣ በመሸጥ ወይም በመያዝ የተፈረደበትን ዜግነት የሌለው ሰው ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። እዚህ የተወለደው ጎረቤታችሁ በዚያው ሽጉጥ ተከሶ ጥፋቱን አምኖ በገደብ ቢለቀቅ ወደ ሥራው ይመለሳል። እናንተ ግን በዚያው ቀን ሌላ ፋይል ይከፈትባችኋል። ሃያ ዓመት ታክስ ከፍላችሁ፣ ልጆች አስተምራችሁ፣ በአንድ የተወለወለ ሽጉጥ። ስለዚህ ዜግነት እስክታገኙ ድረስ አጠራጣሪ ቁጥር ያለውን ዕቃ በእጃችሁ ባትነኩት እመርጣለሁ።

ግድ ሆኖ ቤታችሁ ውስጥ ካለስ? ይሄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በውርስ ነው። የባለቤታችሁ አባት ያርፋሉ፣ ጣራ ሥር ያለው ሣጥን ይከፈታል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሽጉጥ ይወጣል፣ ቁጥሩ በሞረድ ተፍቋል።

አታስተካክሉት። ይህን ነው መጀመሪያ የምለው። ቁጥሩን ከወረቀት አግኝቶ ዳግም ማስመታት ከድጡ ወደ ማጡ ነው፣ ምክንያቱም የሕጉ ጥያቄ «አሁን ቁጥር አለው ወይ?» ሳይሆን «የመጀመሪያው ቁጥር ተነስቷል ወይ?» ነው። የጠፋውን ቁጥር በኬሚካል አወጣለሁ ብላችሁም እንዳትሞክሩ። ፖሊስ ላቦራቶሪ ይችላል፣ ቁጥር ሲመታ ከሥሩ ያለው ብረት ስለሚጨመቅ ከላይ ቢፋቅም አሻራው ይቀራል። ያ የእነሱ ሥራ ነው፣ እናንተ ስታደርጉት ማስረጃ ማጥፋት ይመስላል።

አትሽጡት፣ ለወንድማችሁም አትስጡት። በመኪና ጭናችሁ ክፍለ ግዛት አታቋርጡ። ፎቶውን አንስታችሁ ፌስቡክ ላይ «ይሄ ምንድን ነው?» ብላችሁ አትለጥፉ። ቦርሳ ውስጥ ከትታችሁ ፖሊስ ጣቢያ ገብታችሁ «ሽጉጥ ይዤ ነበር» ማለትም ይቅርባችሁ፣ ይህን የሚያስቡ የዋሆች አሉ፣ ልባቸው ንጹሕ ነው ግን ዘበኛው ልባቸውን አያይም። በመሣሪያ ጉዳይ የሚሠራ የወንጀል ጠበቃ ደውሉ። ለጠበቃ የምትነግሩት ነገር በምስጢር የሚያዝ ነው። ጠበቃው ነው ኤቲኤፍ ለሚባለው የፌዴራል ቢሮ ወይም ለአካባቢው ፖሊስ ደውሎ መጥተው እንዲወስዱት የሚያመቻቸው። ለአንድ ሰዓት ምክር የምትከፍሉት ብር የሽጉጡን ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ክፈሉት።

አዎ፣ ሽጉጡ ይሄዳል። የሚመለስ አይመስለኝም። ያማል።

ዝገት የበላው ቁጥር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ትንሽ ይለያል። በዐይን የሚነበብ ከሆነ፣ በደንብ ባይታይም እንኳ፣ ሳትፈትጉት በጥሩ መብራት ፎቶ አንሱትና ቀኑን ጻፉበት። በዘይት መቀባት ይበቃል። በሽቦ ብሩሽና በአሸዋ ወረቀት የሚፈትግ ሰው የቀረችውን ግማሽ ቁጥር በገዛ እጁ ይጨርሳታል፣ ከዚያ በኋላ ዝገት ነው ወይስ ሞረድ ማን ይለየዋል?

አገር ቤት ያለውን የአያት ጠመንጃ ማምጣት ለሚፈልጉም አንድ ነገር ልበል። ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ የመሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚተዳደር ነው፣ ዕቃው ቅርስ የሚባል ከሆነ ደግሞ የቅርስ አዋጁ 209/1992 አለ፣ ያለ ፈቃድ አይወጣም። አሜሪካ ሲደርስ አንቲክ ካልሆነ በቀር በፈቃድ ባለው አስመጪ በኩል፣ ፎርም 6 በሚባለው የኤቲኤፍ ማመልከቻ ነው የሚገባው። አንቲክ ከሆነም ዕድሜውን ለጉምሩክ ማስረዳት አለባችሁ። የአባት ቤት ጠመንጃ ቁጥር ደግሞ በእጅ የተነካካ የመሆን ዕድሉ ቀላል አይደለም፣ ስንት እጅ እንዳለፈ ታውቃላችሁ። እዚያው ለአጎት ይቀመጥ ብል ይሻላል።

ስትገዙ ደግሞ ወረቀት ያዙ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? የሽያጭ ደረሰኝ ላይ ሞዴሉ፣ የተሠራበት ዓመት፣ ቁጥሩ ሙሉውን እንደተመታ፣ ቁጥር ከሌለው ደግሞ «ከፋብሪካው ቁጥር አልነበረውም» የሚል ይጻፍ። ሻጩ ይህን ለመጻፍ ካቅማማ መልሳችሁን አግኝታችኋል። ቁጥሩን፣ የአስመጪውን ምልክትና ዓመቱን በገዛችሁበት ቀን ፎቶ አንሱ። ፎቶዎቹ ስልካችሁ ላይ ብቻ አይቅሩ፣ አትሙና ከደረሰኙ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ ክተቱ። ፖስታውን ጠመንጃው ካለበት ሣጥን ውስጥ አታስቀምጡት። የት እንዳለ ለባለቤታችሁ ንገሩ፣ ጣራ ሥር ያለውን ሣጥን አንድ ቀን የምትከፍተው እሷ ናትና።